ሃያ ሁለት ጊዜ «የለም»

«ያቺ ልጅ ዛሬም ለአንድ ጠብታ ውሃ ብላ ሥራ ካስቆመች፣ ስሟን ጽፌ ነው የማስተላልፈው። ከዚያ ማሽን ትነሳና እኛም እንገላገል!» የቀጠሮ ዝርዝር የምትይዘው ሴትዮ ናት፤ ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሀል ሰክታ ኮሪደሩን ሙሉ ታሰማዋለች። እኔ ከጀርባዋ ቆሜ የኬክ መሸጫውን ማሽን በጉልበቴ እገፋለሁ። አራት ዶላር ከሃምሳዬን ዋጥ አድርጎ፣ ኬኩን መስታወቱ ውስጥ አንጠልጥሎ ቀርቷል። ሴትዮዋ ዞር ብላ አየችኝ። ያየችው ግን በአገራችን ወግ ወገቧ ላይ ሰሌን የታጠቀች፣ በነጠላ ጫማ የመጣች አንዲት የቶንጋ ደሴት አሮጊትን ነው፤ በዚያ ኮሪደር ወንበሮች ላይ ቀኑን ሙሉ ተደርድረን ከምንውለው አንዷን። «ያቺ ልጅ» ያለቻት፣ የዕጢ ማቃጠያውን ማሽን የምታዘጋጀው የልጅ ልጄ ሂንጋኖ መሆኗን በምን ታውቃለች? መናገር ነበረብኝ። «ስሟን ስትጽፊ ፊደሉን እንዳታሳስቺ እኔ ላስጽፍሽ» ማለት ነበረብኝ። ግን ወንድሜ ሲዮሳያ የዕለቱ ሁለተኛ ተረኛ ነው፤ ጉበቱ ውስጥ ያለውን ዕጢ በዚያው ማሽን ሊያቃጥሉለት ነው የመጣነው። ከዝርዝር ያዥ ጋር የተጣላ ሰው ተራው መቼ ይደርሰዋል? የኬክ ማሽኑን አንዴ በርግጫ አቀመስኩት። ኬኩ አልወደቀም።

እንዲህ እንደሚሏት ፈርቼ ሂንጋኖን ጠዋት መኪና ውስጥ ለምኛት ነበር። ከሰፈራችን ከማንገሬ የወጣነው በአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፤ አውራ ጎዳናው እንደ ልማዱ ተዘግቶ ከኋላና ከፊት የምናየው የመኪና ቀይ መብራት ብቻ ነበር። ሲዮሳያና ሚስቱ ላታይ በራሳቸው መኪና ከኋላችን ይከተላሉ። ወንድሜና እኔ አንድ መኪና ውስጥ አንቀመጥም፤ ልጆች ከነበርንበት ጊዜ ጀምሮ እንዲያ ነው።

«ዛሬ እንኳ አትከራከሪ፣ ልጄ። ለእኔ ስትይ።»

«እኔ መቼ ተከራከርኩ፣ እማማ?»

«ባለፈው ሳምንት ዶክተሩን ግማሽ ሰዓት አቆምሽው አይደል እንዴ?»

«እኔ አላቆምኩትም። ውሃው ሳይመለስ ቀረ። ያቆመው ውሃው ነው።»

«እንግዲያው ስም ሲጽፉ የውሃውን እንዲጽፉ ንገሪያቸዋ!»

ሳቀችና የሬዲዮኑን ድምፅ ከፍ አደረገችው። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። እናቷ ብሪዝበን ሥራ ካገኘች ወዲህ ከእኔ ጋር ናት። አንድ ነገር ልክ ነው ብላ ከያዘች በመጥረቢያ አትላቀቅም። ከማን እንደወረሰችው አላውቅም። ላታይ ታውቃለች፤ ግን አትናገርም።

የማሽኑን ነገር እኔም እንደ ሆስፒታሉ ሰዎች አውቀዋለሁ፤ ሂንጋኖ የተለማመደችው የእኔ ወጥ ቤት ውስጥ ነውና። የቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች ማይክሮዌቭ የሚለውን የማሽኑን ስም ሲሰሙ «ሲዮሳያን እንደ ትናንት እራት ሊያሞቁት ነው» እያሉ እስኪያስላቸው ሳቁ። እኔ ነኝ ቁጭ አድርጌ ያስረዳኋቸው። መርፌ ነው፤ ረጅም ቀጭን መርፌ። ዶክተሩ በአልትራሳውንድ እያየ ዕጢው ውስጥ ይሰካዋል፤ ከዚያ ጫፉ ብቻ ይግልና ዕጢውን ባለበት ያበስለዋል። ጫፉ ብቻ ይግላል የሚለው ላይ ነው ነገሩ። ዘንጉ እንዳይግል ቀዝቃዛ የጨው ውሃ ከከረጢት ተነስቶ፣ በፓምፕ ተገፍቶ፣ በቀጭን ቱቦ መርፌው ውስጥ ገብቶ፣ በሌላ ቱቦ መመለስ አለበት። ውሃው ካልተመለሰ መርፌው ባለፈበት ያለውን ቆዳና ሥጋ ሁሉ ይጠብሰዋል። አምና ሥራውን ስትጀምር ሦስት ወር ሙሉ የብስኩቱ ቆርቆሮ ማሽን፣ የሹራብ መሥሪያ ዘንጌ መርፌ፣ እኔ ደግሞ ዶክተር ሆነን ከረምን። መጀመሪያ የመርፌውን ማሸጊያና ቀኑን ታያለች። ገመዱ የሚሰካበት ቦታ ደረቅ መሆኑን በጣቷ ትዳስሳለች፤ ገመዱ አይታጠፍም። ከረጢቱን ትሰቅላለች፣ ፓምፑን ታስነሳለች፣ ከዚያ አጎንብሳ ቱቦው ላይ ታፈጣለች። «ውሃው ተመልሷል» ሳትል ሹራብ መሥሪያዬን በእጄ አታስይዘኝም። መርፌው ከሰው ገላ ውጪ አየር ላይ እያለ እሳቱን ማብራት ክልክል ነው። እኔ «ስድሳ ዋት፣ አምስት ደቂቃ» እላለሁ፤ እሷ «ስድሳ ዋት፣ አምስት ደቂቃ» ብላ ትደግማለች፤ ያኔ ብቻ ነው እግሬን ፔዳሉ ላይ፣ ማለት ምንጣፌ ላይ፣ የማሳርፈው። አፌ ውስጥ ካላመጥኩት እንደገና ታስብለኛለች። ድስቴ እያረረ!

ከሁሉ የምትወደው ደንብ ግን የመጨረሻው ነበር። ክፍሉ ውስጥ ያለ ማንም ሰው፣ ወለል የሚያጸዳውም ቢሆን፣ «አቁሙ» ካለ ይቆማል። ዶክተሩ እግሩን ያነሳል፤ ለምን ብሎ የሚጠይቀው ከቆመ በኋላ ነው። ሽንኩርት ስትከትፍ፣ ፀጉሯን ስታደርቅ፣ በድንገት «አቁሙ!» እንድላት አዝዛኝ ነበር፤ ለመለማመድ። ጎረቤታችን አንድ ቀን አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ «ሰላም ነው?» እስኪለን።

እና ያን ዕለት ጠዋት ሥራ የቆመው በእሷ ነው? በዓይኔ አይቻለሁ። የክፍሉ በር ላይ ትንሽ መስታወት አለ። የመጀመሪያው በሽተኛ ገና አልገባም፤ ባዶው አልጋ፣ ማሽኑ በጋሪው ላይ፣ ሂንጋኖ አረንጓዴ ልብሷን ለብሳ። ከረጢቱን ሰቀለች፤ ፓምፑ ዞረ፤ አጎነበሰች። አጎንብሳ ቀረች። ዶክተር ሃድሊ ሁለት እጆቹን ደረቱ ላይ አቅፎ ጣራውን ያያል፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሁልጊዜ ባቡር ሊያመልጠው የደረሰ የሚመስል ሰው ነው። ቱቦውን ፈታች፣ መገጣጠሚያውን ወደ መብራት አንስታ አየችው፣ አዲስ ማሸጊያ ቀደደች፣ ከመጀመሪያው ጀመረች። አሮጌውን መገጣጠሚያ ላስቲክ ውስጥ ከታ ላዩ ላይ ጻፈችበት። «ምን አገኘሽ?» ብሎ የጠየቃት አንድ ሰው የለም። ሃያ አምስት ደቂቃ ሄደ፤ ዝርዝር ያዧ ስልኳን አነሳች፤ የሰማሁትን ሰማሁ። በሽተኛው ሲገባ መጋረጃ ሳቡ፤ እኔም ወደ ወንበሬ ተመለስኩ።

ላታይ ከጎኔ ነበረች። በጎደሬ ቅጠልና በኮኮናት ወተት የበሰለ የቆርቆሮ ሥጋ በሁለት ሣህን ጠቅልላ ይዛ መጥታ፣ ኮሪደሩ ሁሉ እንደ ሠርግ ቤት ሸቷል። «ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመሰም፤ ሲወጣ ይራባል» ትላለች። «ጉበቱን ተቃጥሎ የወጣ ሰው ይህን ሊበላ?» አልኳት። «እርስዎ ይብሉታ፣ እትዬ» አለችኝ። ላታይና እኔ አርባ ዓመት እንዲህ ነን። የባሏ ታላቅ እህት ነኝና እሷ ቀና ብላ አትመልስልኝም፤ እኔም የምላት ነገር ሁሉ ቁጣ ይሆናል። ግድግዳው ላይ ያለው ቴሌቪዥን ድምፁ ጠፍቶ፣ አንዲት ሴት ኬክ ላይ ክሬም ትቀባለች። የመኪና ማቆሚያው ሰዓት ደግሞ ይቆጥራል፤ በሰዓት ስድስት ዶላር፤ ሁለት መኪና።

ሲዮሳያን በተሽከርካሪ አልጋ ይዘውት ሲያልፉ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ስስ የሆስፒታል ልብስ ነው የለበሰው፤ ከኋላው ክፍት ነው። ወንድምና እህት እንዲያ አይተያዩም። ድምፁ ከጎረነነበት ዓመት ጀምሮ እሱ ካለበት ክፍል አላደርኩም፣ አንድ ላይ ፊልም አላየሁም፣ ገላውን ገልጦ አላየሁትም። ሲታመም የምሰማው ከላታይ ነው፤ የምልከውም በላታይ ነው። ለእኔ ወንድሜ ገላ የለውም። እናቴ እንዲያ ብላ ነው ያሳደገችን፤ እኔም ልጆቼን እንዲያ ብዬ ነው ያሳደግኩት። ይህን ሁሉ እያወቅኩ ነው እንግዲህ ያን ስህተት የሠራሁት።

ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። ከሕክምናው በፊት ለሚጠየቁት ጥያቄዎች ቀጠሮ ነበረን፤ ሆስፒታሉ የቀጠረው አስተርጓሚ ቀረ። ዶክተር ሃድሊ ሰዓቱን አይቶ «ከእናንተ መሀል እንግሊዝኛ የሚችል አለ?» አለ። ሳይጨርስ እጄን አወጣሁ። ሂንጋኖ ያን ቀን ሥራ ላይ አልነበረችም እንጂ ብትኖር ጆሮዬን ይዛ ታወጣኝ ነበር። አገራችን ሳለሁ የሁለተኛ ደረጃ አራተኛ ፎርም ጨርሻለሁ፤ እዚህ ሃያ ዓመት በሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል የኬሚካል ማስጠንቀቂያ ለሌሎቹ የማነበው እኔ ነበርኩ። አንድ ነገር እንዳያመልጣቸው ብዬ እኮ ነው! በወንድሜና በዶክተሩ መሀል ቁጭ ብዬ ወረቀቱን ተቀበልኩ። ሃያ ሁለት ጥያቄ። ልብህ ላይ የገባ መሣሪያ አለ? የለም። ብረት አለ? የለም። የምትወስደው ክኒን አለ? የለም። አሥራ ዘጠነኛው ላይ ስደርስ፣ ስትጸዳዳ ደም አይተሃል ወይ ይላል። ይህን ቃል ለወንድሜ? በየትኛው አፌ? «ሌላስ የሚያስቸግርህ ነገር አለ?» አልኩት፤ ዓይኔን ከወረቀቱ ሳላነሳ። እሱም ወለሉን እያየ «የለም» አለ። በስድስት ደቂቃ ጨረስን። ዶክተሩ «እንዲህ ያለ ጤነኛ በሽተኛ አይቼ አላውቅም» ብሎ ፈረመ። እኔም ኩራቴ! ለቤተ ክርስቲያን ሴቶች ሁሉ አወራሁት።

ሲዮሳያን አስገብተው በሩን ከዘጉ አሥር ደቂቃ ሆኗል። ከዚያ መስታወት ጀርባ አልሄድኩም፤ ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ ቁጭ አልኩ። ራሴን ሁለት ቦታ የሰነጠቁት ያህል ያመኛል።

«ላታይ፣ ያቺን የጉልበትሽን ክኒን አንድ ስጪኝ።»

ቦርሳዋን ከፈተች፤ ዘጋችው። «አልቋል፣ እትዬ።»

«እሁድ እለት አይደል እንዴ ትልቁን ካርቶን የገዛሽው? አብሬሽ ነበርኩኮ።»

«አልቋል ነው የምልዎት።»

«በቀን ስንት ነው የምትውጪው፣ አንቺ ሴት? ሆድሽን ልትበሺው ነው?»

«እኔ አይደለሁም» አለች።

ቴሌቪዥኑ ላይ ያለችው ሴትዮ ክሬሙን ቀብታ ጨርሳ እንጆሪ ትደረድራለች። ላታይ የሣህኑን ጨርቅ ቋጠሮ ፈታች፤ መልሳ ቋጠረችው።

«ታዲያ ማነው?»

«ወንድምዎ ነዋ፤ ኪንታሮት አለበት። መቀመጥ አቃተው። አንድ ብዬ ሰጠሁት፣ ከዚያ ራሱ መውሰድ ጀመረ። በቀን ስድስት፣ ሰባት። ከዚያ ደግሞ…» ድምፅዋ ጠፋ፤ ከንፈሯን እያየሁ ነው የሰማኋት። «ደም አለ። ወር ሆነው፤ ከአሥር ቀን ወዲህ ደግሞ ጥቁር ነው የሚወጣው። ለማንም እንዳትናገሪ ብሎኛል። ለእርስዎማ በተለይ።»

ያ ክኒን ደም እንዳይረጋ ያደርጋል። አሥራ አራተኛው ጥያቄ ነው፤ የክኒኑ ስም እዚያው ተጽፏል፤ እኔው ራሴ ነኝ ያነበብኩት። ደሙንም የመረመሩት ያኔ፣ ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። እና አሁን ያ ረጅም መርፌ ጉበቱ ውስጥ ሊገባ ነው።

እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም። ላታይ «እትዬ! እትዬ ሎሳሊኔ!» ትላለች፤ ዝርዝር ያዧ «ይቅርታ፣ እዚያ መግባት አይቻልም!» ትላለች። በሩን በትከሻዬ ከፈትኩት። ውስጥ ደግሞ ወለሉ ላይ ቀይ መስመር አለ፤ በውጪ ጫማ ማንም አያልፈውም። ከመስመሩ ወዲያ መጋረጃው ተገልጧል፤ ገላው አለ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ጨፍኜ ቆምኩ። ፓምፑ ሲያጉረመርም ይሰማኛል። የሂንጋኖ ድምፅ፣ ያው ወጥ ቤቴ ውስጥ የማውቀው ድምፅ፣ «ውሃው ተመልሷል» አለ። ከመስመሩ ውጪ ሆኜ ብጮህ አንዲት የምትረብሽ አሮጊት ነኝ፤ አስወጥተውኝ ይቀጥላሉ። ደንቡ «ክፍሉ ውስጥ ያለ» ነው የሚለው። ዓይኔን እንደጨፈንኩ፣ ከነነጠላ ጫማዬ፣ አንድ እርምጃ ተራመድኩ፤ እንዳልሳሳት ሌላም ጨመርኩ።

«አቁሙ!» አልኩ።

«ማናት ይህቺ?» የዶክተሩ ድምፅ ነው። «አስወጡልኝ፤ ቆዳው ጸድቶ አልቋል! ከመስመሩ ወዲያ!»

«ክፍሉ ውስጥ ናት» አለች ሂንጋኖ። «መስመሩን አልፋለች። አቁሙ ብላለች።»

ፓምፑ ዝም አለ። ጠቅ የሚል ነገር ሰማሁ፤ መርፌውን መልሳ ሣህኑ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ከአልጋው በኩል የወረቀት አንሶላ ሲንኮሻኮሽ ተሰማኝ። ማንም አልነገረኝም፤ ግን አወቅኩት። ወንድሜ ለእኔ ሲል ራሱን እየሸፈነ ነው።

የሂንጋኖ ትንፋሽ ጉንጬ ላይ መጣ። «እማማ፣ ምን ሆንሽ?»

«ጆሮሽን ስጪኝ።» ነገርኳት። በቶንጋኛ ማለት አቃተኝ፤ እንግሊዝኛው ይቀላል፤ በእንግሊዝኛ ያ ነገር የወንድሜ አይደለም።

ድምፅዋ ከጉንጬ ራቀ። «ዶክተር፣ ጥያቄዎቹ እንደገና መጠየቅ አለባቸው።»

«ሁሉም ተጠይቀዋል። ፋይሉ እጄ ላይ ነው። ሃያ ሁለቱም የለም ነው የሚለው።»

«ማን ፊት ነው የተጠየቁት?»

ፋይሉ ሲገለጥ ሰማሁ። ዓይኔን እንደጨፈንኩ እጄን አወጣሁ፤ ልክ እንደዚያን ቀን።

«እኔ ፊት» አልኩ።

ደሙን እንደገና ቀዱና ላኩት። ውጤቱ እስኪመጣ አርባ ደቂቃ ከላታይ ጋር ተቀመጥን፤ ሣህኑን ከፍቼ የቆርቆሮ ሥጋውን በጣቴ በላሁ። ምን ላድርግ? ሲጨንቀኝ እበላለሁ። «ከሦስት ሳምንት በፊት ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?» አልኳት። «እርስዎ ቢጠይቁኝ ምን ነበረበት?» አለችኝ። በአርባ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ። ሁለተኛውን ሣህን ገፋሁላት።

ዶክተር ሃድሊ መጣ። ቆቡን አውልቆ፣ ባዶው ወንበር ላይ ከጎኔ ቁጭ አለ፤ ሰውዬው ሲቀመጥ ያየሁት ያኔ ነው። ደሙ በጣም ወርዷል፤ ጨጓራው ሳይቆስል አይቀርም። «ዛሬ ብወጋው ኖሮ መድማቱን ማስቆም ላይቻለን ይችል ነበር» አለ። ክኒኑ ይቆማል፤ ጨጓራው ይታያል፤ ደሙ ሲስተካከል ይመለሳል፤ ሁለት ሳምንት፣ ቢበዛ ሦስት። «ዕጢውስ?» አልኩት። ሁለት ነጥብ ስድስት ሴንቲ ሜትር ነው፤ ሦስት ሴንቲ ሜትር ሳያልፍ እንደርስበታለን አለኝ። «እርግጠኛ ነዎት?» አልኩት። ነኝ አለ። «ሦስት ሳምንት ግን ረጅም አይደለም?» አልኩት። አይደለም አለ። አራተኛ ልጠይቀው ስል ዝርዝር ያዧ ወረቀቷን ይዛ መጣች። ዓይኗ ሂንጋኖ ላይ ነው።

«ዛሬ ሁለት ጊዜ ቆመናል። ለመዘግየቱ የማንን ስም ልጻፍ?»

ሂንጋኖ በሩ ላይ ቆማለች፤ ጠዋት የቀየረችውን ስንጥቅ መገጣጠሚያ ያደረገችበት ላስቲክ አሁንም እጇ ላይ ነው። ዶክተሩ እጁን ዘረጋ። ተቀብሎ ወደ መብራቱ አነሳው። ረጅም ጊዜ አየው።

«የእኔን ጻፊ» አለ። «አስተርጓሚ ሳይኖር የፈረምኩት እኔ ነኝ።»

«ለዶክተር የሚሆን ሳጥን የለውም፣ ቅጹ።»

«እንግዲያው ሥሪለት» ብሎ ተነሳ። ይቅርታ የሚል ቃል አልወጣውም፤ ለሂንጋኖም ለእኔም። ላስቲኩን ግን ኪሱ ከተተው።

ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ አስተርጓሚ መጣ፤ ከኦታሁሁ ሰፈር የመጣ፣ ክራቫት ያሰረ ሰውዬ። ሂንጋኖ ቤተሰቡን በእናትም በአባትም ጠይቃ ዝምድና እንደሌለን ካረጋገጠች በኋላ ነው ያስገባችው። ራሷም አልገባችም። እኔን ክንዴን ይዛ ኮሪደሩን እስከ መጨረሻው ወሰደችኝ፤ ሊፍቱ አጠገብ፣ የመጠጥ ውሃው ያለበት። «እዚህ ነሽ። አትንቀሳቀሺም» አለችኝ። ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ ተቀመጥኩ። ሃምሳ ደቂቃ ፈጀ። እኔ በስድስት ደቂቃ የጨረስኩት ወረቀት ሃምሳ ደቂቃ! ያን ሁሉ ጊዜ ሊፍቱ ተከፈተ፣ ተዘጋ፤ ሰው ገባ፣ ወጣ፤ አንዴም ዞር አላልኩም። ሦስት ኩባያ ውሃ ጠጥቼ ሽንቴ ወጥሮኝ እንኳ አልተነሳሁም፤ ተነስታ ልታዳምጥ ነው እንዳልባል።

ለዚያ ምሽት አልጋ ሰጥተው ሊያሳድሩት ፈልገው ነበር፤ አልጋ የተገኘው ግን ለነገ ጠዋት ነው። ክኒን እንዳይነካ፣ ደም ካየ ወዲያው እንዲመለስ ብለው አስፈርመው ላኩት። እንዲህ ነው እንግዲህ፤ ለማሽኑ የሚጨነቅ አለ፣ ለአልጋ የሚጨነቅ የለም። በሁለት መኪና ተመለስን። መንገዱ ላይ መስታወቱ ውስጥ አየዋለሁ፤ ላታይ ትነዳለች፣ እሱ ከጎኗ አንገቱን አቀርቅሯል። ተቆጥቶ ይሆን? ሊቆጣኝ አይችልም፤ ታላቅ እህቱ ነኝ። አፍሮ ይሆን? ያ ይብሳል። «ደሙ እስከ ጠዋት ቢብስስ?» እላለሁ፤ ሂንጋኖ «ስልኬ ክፍት ነው፣ እማማ» ትላለች። «ባይደውሉስ?» እላለሁ። «እደውላለሁ» ትላለች። ማንገሬ እስክንደርስ እንዲህ ነበርን።

ገና ሳይመሽ ላታይ የወጥ ቤቱን በር ቆረቆረች። አልገባችም፤ የፌስታል ከረጢት ሰጠችኝ። «ልኮልዎት ነው» ብላ ሄደች። ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩት። የክኒን ካርቶኖች፣ ግማሽ ያለቀ፣ ገና ያልተከፈተ፤ ከገበያ የተገዛ የቅጠል መድኃኒት በኮካ ጠርሙስ፤ ስሙን የማላውቀው ቅባት። ቤቱ ውስጥ የነበረውን ሁሉ ሰብስቦ ነው የላከው፤ አንድ ቃል የተጻፈበት ወረቀት የለም። ከሥር አንድ ሌላ ነገር አለ፤ ተጨፍልቋል። ያ ኬክ ነው፤ ከነላስቲኩ።

ሮጬ ወጥቼ አጥሩ ጋ ደረስኩባት። «ይህን ከየት አመጣችሁት?»

«ከአስተርጓሚው ጋር ጨርሰን ስንወጣ መስታወቱ ውስጥ ተንጠልጥሎ አየው» አለች ላታይ። «የማን ነው ሲለኝ የእህትህ ነው፣ ገንዘቧን በልቶባታል አልኩት። ከዚያ ማሽኑን በትከሻው ገጨው።» ሳቋን በእጇ ያዘችው። «የሆስፒታሉን ልብስ እንደለበሰ፣ እትዬ። ያ ከኋላው ክፍት የሆነውን።»

«ወይ ጉድ! በቃሽ፣ አትንገሪኝ!» ብዬ ጆሮዬን ይዤ ተመለስኩ።

ሂንጋኖ ጫማዋን አውልቃ፣ እግሯን ወንበር ላይ ሰቅላ፣ ካርቶኖቹን እያነበበች ነው። ማሰሮውን ጣድኩ፤ ሻይ ቀዳሁላት። ያን አዲሱን ወረቀት አይታዋለች፤ ፋይሉ ውስጥ ያስገባችው እሷ ናት። ከሃያ ሁለቱ ስንቱ «አለ» እንደሆነ ታውቃለች። እኔ ማወቅ የለብኝም፤ የወንድሜ ነገር ነው፤ ዛሬ የተማርኩት ይህን ነው። ስለዚህ አልጠየቅኳትም። ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የጠየቅኳት። ኬኩን ገምሼ ትልቁን ቁራጭ ሰጥቻት እንኳ አልነገረችኝም።